መርፌዋ እስክትቆም

አባቴ በሕይወቱ «ይሄን ያህል ይሆናል» ብሎ አያውቅም። ወይ ልኩን ያውቀዋል፣ ወይ ዝም ይላል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የከተማው ሚዛን ተቆጣጣሪ ነበር፤ የነሐስ የሚዛን ድንጋዮቹን በእንጨት ሳጥን ተሸክሞ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ የነጋዴውን ሚዛን የሚፈትሽ ሰው። ሰፈሩ ጋሽ ግራም ይለዋል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት የጡረታ ቢሮውና እኔ ብቻ ነን፤ እኔም አንዳንዴ ይጠፋኛል።

እሱ ገበያ የገባ ቀን ግማሹ ነጋዴ ሆዱን ያመው ነበር፣ ግማሹ ደግሞ ዘመድ ይሞትበት ነበር። እኔን እንኳ በተወለድኩበት ቀን አልማረኝም። አዋላጇ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ብላ ጻፈች። አባቴ ገና እኔን ሳያይ ሚዛኗን አየና «ይቺ ትጨምራለች» አለ። ቤት ሮጦ ሳጥኑን አምጥቶ ፈተሻት። እውነትም አርባ ግራም ትጨምራለች። የልደት ወረቀቴ ላይ እስከ ዛሬ ስርዝ ድልዝ አለ። እናቴ «ልጄን በተወለደች በሰዓቷ አርባ ግራም ሰረቃት» እያለች እስክትሞት ድረስ ትስቅበት ነበር።

እናቴ የሞተችው እሱ ጡረታ በወጣ በአራተኛው ወር ነው። ብቻውን አይሆንም ብዬ ወደ ቤቴ አመጣሁት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስፌት መኪናዬ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ናት፣ ባሌ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ቤታችን እስከዚያ ድረስ ሰላም ነበር። አባቴ ሳጥኑንና አንዲት ትንሽ ሚዛን ይዞ ገባና ወጥ ቤቴን ተረከበ። ዳቦ ሳይቆረጥ ይመዝናል፣ ከተቆረጠም በኋላ ይመዝናል፤ ፍርፋሪው በቀን አሥራ አንድ ግራም እያከሰረን እንደሆነ በጽሑፍ አስታወቀን። ባሌን ከምሳ በፊትና ከምሳ በኋላ ከወፍጮ ቤት የተዋሰው ሚዛን ላይ አወጣው።

«አንቺ፣ ይሄ ቤት ነው ጉምሩክ?» አለኝ ባሌ።

«ቻለው፣ ሐዘን ላይ ነው» አልኩት።

ግን ሐዘን ላይ መሆኑን ያየ የለም። አላለቀሰም። የእናቴን ስም አላነሳም። «አባዬ፣ እንዴት ነህ?» ስለው «ደህና» ይለኛል፣ በቃ። አንድ ቀን ክር ፍለጋ ወጥ ቤት ስገባ የእናቴን መነጽር የሚዛኗ ሳህን ላይ አስቀምጦ አቀርቅሮ ያያል። እኔን ሲያይ ቀና አለ። «ሠላሳ አንድ ግራም» አለና መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ከተተው። አንጀቴን በላው። ክሩንም ሳልወስድ ወጣሁ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው እትዬ ጭማሪ የመጣችው። እትዬ ጭማሪ ሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ ጭማሪ የምትባለው ደንበኛ አፉን ሳይከፍት አንድ ፍሬ ጨምራ ስለምታስይዘው ነው። አባቴ ሁለት ጊዜ ቀጥቷታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰድባዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ይከባበራሉ። እጇ ላይ አንድ ወረቀት ይዛለች። ከማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ሌላ ሰው እንዳያየው ብላ ገንጥላ ያመጣችው ማስታወቂያ ነው። የነዋሪውን የአእምሮ ጤና ለሚያሻሽሉ የሰፈር ፕሮጀክቶች ገንዘብ ይሰጣል ይላል።

«ገበያ ውስጥ ስንቱ በሐሳብ አለቀ» አለችኝ የምሰፋውን ጨርቅ ገፋ አድርጋ እየተቀመጠች። «ቤቱ ገብቶ ግድግዳ የሚያዋራ አለ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ካልተኛ ስድስት ዓመቱ ነው። ዘበኛ ስለሆነ ጎበዝ ይሉታል እንጂ ሰውዬው ታሟል። ያ አሮጌው መመዘኛ ክፍል ባዶውን ተቀምጧል። ወንበር ብናስገባበት፣ በሳምንት አንድ ቀን ነርስ ቢመጣልን፣ ቁጭ ብለን ብናወራበት ምን ይለናል?»

መመዘኛ ክፍሉ ከአትክልት ተራ ጀርባ ነው፤ ድሮ ጆንያ የሚመዘንበት። ባለቤቱ ለጎማ ነጋዴ ሊያከራየው ዳር ዳር ይል ነበር። ቅፁን ስፌት መኪናዬ ላይ ዘርግቼ መሙላት ጀመርኩ። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ «መሻሻሉ እንዴት ይለካል? ማንስ ይለካዋል?» የሚል ጥያቄ አለ። ቀና ብዬ ወደ ወጥ ቤት አየሁ። አባቴ ጨው ይመዝናል። ሳላቅማማ ስሙን ጻፍኩ።

እውነቱን ልናገር፤ የሰፈሩ አእምሮ አልነበረም ያስጨነቀኝ፣ የአባቴ ነው። ሰው መሀል ይቀመጥ፣ ነርሷ አንድ ቀን ዓይኗን ትጥልበት ብዬ ነው። የራሴም አእምሮ ትንሽ አሳስቦኝ ነበር፣ ከዚያ ጨው በኋላ።

ገንዘቡ ተፈቀደ። የክፍሉ ኪራይ፣ አሥራ ሁለት ወንበር፣ ሐሙስ ሐሙስ የምትመጣ የአእምሮ ጤና ነርስ። አባቴ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ተሰጠው፣ አንድ መዝገብና ሁለት እርሳስ። ሥራው ቀላል ነው። ሰው ሲገባ «ከአንድ እስከ አሥር ዛሬ ውስጥዎ ስንት ነው?» ብሎ ይጽፋል፤ ሲወጣ ያንኑ ይጠይቃል። ገባ፣ ወጣ። ልጅ የሚሠራው ሥራ ነው። እኛ እንዲያ መስሎን ነበር።

የመጀመሪያው ተመዛኝ ባሌ ሆነ። በዚያ ቀን አንድ ተሳፋሪ በስልክ እያወራ የአውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ አላላውስ ብሎት ደሙ ፈልቶ መጣ። ገና ከደጅ «አንድ ጻፍልኝ! አንድም ይበዛብኛል!» አለ።

አባቴ እርሳሱን አላነሳም። «ተቀመጥ» አለው።

«ቁጥሩን ነገርኩህ እኮ።»

«የሚንቀጠቀጥ ሚዛን አይነበብም። መጀመሪያ ዜሮ መግባት አለብህ።»

ሚዛን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዕቃ ከመጫኑ በፊት ሳህኑ ባዶ ይሆናል፣ መርፌዋ ዜሮ ላይ መጥታ ፍጹም እስክትቆም ይጠበቃል። አባቴ ሠላሳ አራት ዓመት ይህን ሳያደርግ ምንም መዝኖ አያውቅም፤ ባሌ ከጎመን በምን ይለያል? ቁልፉን ከእጁ ወሰደ። ስልኩን ተቀበለው። የጫማውን ማሰሪያ አስፈታው። አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጠው። ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ጉልበቱን ያይ ጀመር። የሰው መርፌ ጉልበቱ ነው ይላል አባቴ፤ ጉልበቱ ጸጥ ካለ ጣቱ ነው፣ ጣቱ ጸጥ ካለ የዓይኑ ሽፋን። አልመከረውም። ከንፈሩንም አልመጠጠለትም። መጠበቅ ብቻ። ባሌ አርባ ደቂቃ ፈጀ።

«አሁን ስንት ነህ?»

«ስምንት» አለ፣ እንደ ማፈር ብሎ።

አባቴ ‹ሲገባ፦ ስምንት› ብሎ አሳምሮ ጻፈ። ባሌም ገብቶ ከሰው ጋር አወራ፣ ሳቀ፣ ሲወጣ ተጠየቀ። ስምንት። ‹ሲወጣ፦ ስምንት።›

አሥር ወር እንዲህ ሄደ። ነርሷ ዘበኛውን ሐኪም ቤት ልካ መድኃኒት አስጀመረችው፤ ሰውዬው በስድስት ዓመቱ እንቅልፍ የት እንዳለ አወቀና አሁን ቆሞም ይተኛል። እትዬ ጭማሪ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያፈነችውን ለቅሶ አንድ ሐሙስ አለቀሰችው፤ በማግስቱ ሽንኩርቷን አስወደደች፣ ድና ነው ማለት ነው። ሰው ከሰው ጋር ሰላም ሆነ። አባቴም በየቀኑ ተላጭቶ ይወጣል፣ ወጥ ቤቴ ተመለሰልኝ። የራሱን ግን አንድም ቀን አልተናገረም። ነርሷ ስትጠይቀው «እኔ ተመዛኝ አይደለሁም፣ መዛኝ ነኝ» ይላታል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

የዓመቱ ሪፖርት ሲደርስ መዝገቡን ይዤ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ገጽ ገለጥኩ። ሁለት። አሥር። ላብ አጠመቀኝ። ሲገባ ስምንት፣ ሲወጣ ስምንት። ሲገባ ሰባት፣ ሲወጣ ሰባት። ለካስ አባቴ ሰዉን ዜሮ ሳያስገባ ስለማይጠይቅ፣ ገና በሩ ላይ ያድነውና ከዳነ በኋላ ‹ሲገባ› ብሎ ይጽፋል። በመዝገቡ መሠረት አሥራ ሁለት ፍጹም ደስተኛ ሰዎች አሥር ወር ሙሉ በመንግሥት ገንዘብ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደ ደስታቸው ተመልሰዋል።

ሪፖርቱን ላክነው፤ ምን እናድርግ? በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። ‹በተሳታፊዎች ላይ የታየ ለውጥ፦ የለም።› ማክሰኞ ገምጋሚ ትመጣለች፤ ለውጥ ካላየች ድጋፉ ይቆማል ይላል። ድጋፉ ቆመ ማለት ክፍሉ ለጎማ ነጋዴው ሄደ፣ አባቴም ወደ ጨው ተመለሰ ማለት ነው። ጨውንስ እችለው ነበር። ያን መነጽር ደግሞ ይዞ ጥግ ሲቀመጥ ማየት ነው የማልችለው።

«አባዬ» አልኩት፣ «እባክህ ‹ሲገባ› የሚለውን ብቻ አስተካክለው። ባሌ ሲመጣ አንድ ነኝ እያለ ይጮህ የለ እንዴ?»

«ጮኸ እንጂ አልተመዘነም።»

«የኔን የልደት ወረቀት ሰርዘህ የለም?»

«ያኔ ሚዛኗ ተሳስታ ነው። አሁን ሚዛኑ ልክ ነው፤ ልክ የሆነ አይሰረዝም።»

ከሱ ጋር መጨቃጨቅ ድንጋይ እንደመቀቀል ነው። እትዬ ጭማሪ ግን ሌላ መላ ይዛ መጣች። ገምጋሚዋ ስትመጣ ሁላችንም አልቅሰን እንገባለን፣ ስቀን እንወጣለን፣ ለውጥ ማለት ይኸው ነው አለች። ሰኞ ዕለት ደጅ ላይ ልምምድ አደረግን። ባሌ ሐዘንተኛ ሁን ሲባል ጥርሱ የታመመ ሰው መሰለ። ዘበኛው እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ግድግዳ ተደግፈህ ቁም ተባለ፤ ተደግፎ ተኛ፣ ነቅንቀን አነሣነው። አባቴ ከጠረጴዛው ሆኖ እያየን እርሳሱን ይቀርጻል።

ማክሰኞ ገምጋሚዋ መጣች። ቀጭን፣ ሁለት ስልክ በሁለት እጇ፣ ፋይል በብብቷ፣ ፊቷ ሳምንት ሙሉ ያልተቀመጠ ሰው ፊት። «ቶሎ ልጨርስ፣ ሌላ ሦስት ቦታ አለብኝ» አለች ሳትገባ።

«ይቀመጡ» አላት አባቴ።

«እኔ ልገመግም ነው የመጣሁት፣ አባባ።»

«ገምጋሚ ሚዛን ነው። ያልተስተካከለ ሚዛን ደግሞ እኔ ፊት አይመዝንም። ስልኮቹን እዚህ።»

ምን ይዋጠኝ። ሴትዮዋ ግን ድካም ነው መሰለኝ ስልኮቹን ሰጠችው፣ ተቀመጠች፣ ውሃውን ተቀበለች። ጉልበቷ እንደኔ ስፌት መኪና ይርገበገባል። በዚህ መሀል እትዬ ጭማሪ እንባ እንቢ ቢላት በሻርፗ ሸሽጋ ያመጣችውን ሽንኩርት ገመሰችው። አንድ ብቻ ቢሆን ደህና ነበር፤ ሦስት ነው የገመሰችው። ክፍሉ ጠባብ ነው። መጀመሪያ ባሌ አነባ፣ ቀጥሎ እኔ፣ ዘበኛው በእንቅልፉ አነባ። ገምጋሚዋ ዓይኗን ብትጠርግ ብትጠርግ አልቆም አላት። አባቴ ብቻ ነበር ዓይኑ ደረቅ የሆነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሽንኩርቱን አውጪ» አለ ሳይዞር። «የሰው መርፌ እያወክሽ ነው።»

እትዬ ጭማሪ አንገቷን ደፍታ ሽንኩርቷን ይዛ ወጥታ ጣለችው። መስኮቱን ከፈትን። ገምጋሚዋ ግን ከዚያ በኋላም ከወንበሯ አልተነሣችም። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ነው የፈጀችው። ጉልበቷ ቆመ፣ ጣቷም ቆመ፣ ትከሻዋ ወረደ። ከዚያ መዝገቡን ሳበችና በቀስታ አገላብጣ አየችው። ነገሩ የገባት መሰለኝ፤ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ፈገግታ አየሁ።

«ጋሼ፣ የሁሉም ሰው ቁጥር አለ» አለችው። «የእርስዎ የለም። እርስዎ ስንት ነዎት?»

እትዬ ጭማሪ ከኋላዋ ቆማ አሥሩንም ጣቶቿን ዘርግታ ታሳየዋለች። ባሌም አሥር፣ ዘበኛው ነቅቶ አሥር። ክፍሉ ጣት በጣት ሆነ። አባቴ ጣቶቹን ሁሉ አየና «ያልመዘንኩትን አልናገርም» አለ።

ያኔ እትዬ ጭማሪ እጇን አወረደች። ሄዳ ከእጁ ላይ እርሳሱን ወሰደችበት። የውሃ ብርጭቆ አመጣች። ጎንበስ ብላ የጫማውን ማሰሪያ ፈታችለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «በሉ ጋሼ፣ ዜሮ ይግቡ» አለችው። ሁለት ጊዜ የቀጣት ሴት።

አሥር ወር ሙሉ ሰዉን ሁሉ ዜሮ ሲያስገባ እሱን ያስገባው አልነበረም። እኔም ልጁ «እንዴት ነህ» እያልኩ እያለፍኩ እንጂ ቁጭ ብዬ ጠብቄው አላውቅም። ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስንቱን ጉልበት ሲያይ የሱን ያየንለት የለም። ጠበቅን። የገምጋሚዋ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ፣ አላነሣችውም። ሁለተኛውም ጮኸ፣ ተወችው። የግድግዳው ሰዓት አንድ ሰዓት ሙሉ ዞረ። ጉልበቱ ጸጥ ሲል ጣቱ ጀመረ፣ ጣቱ ጸጥ ሲል እጁን ኪሱ ከተተና የእናቴን መነጽር አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«አራት» አለ።

«ሲጀምሩስ ስንት ነበሩ?» አለች ገምጋሚዋ፣ በጣም ቀስ ብላ።

«ስጀምር አልተመዘንኩም። የሚነበብ ነገር አልነበረም።» መነጽሩን በጣቱ ነካ አደረገው። «ይሄ ሠላሳ አንድ ግራም ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ሚዛን ሳርም ኖሬ፣ ሠላሳ አንድ ግራም ማንሣት አቃተኝ።»

ከዚያ አለቀሰ። ድምፅ የለውም፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። እኛም አለቀስን፤ ሽንኩርቱ ከተጣለ ቆይቶ ነበር።

ደብዳቤው በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ድጋፉ ለአንድ ዓመት ተራዝሟል፣ ነርሷም በሳምንት ሁለት ቀን እንድትመጣ ተፈቅዷል። ከታች አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ ‹የመግቢያው ልኬት ተሳታፊዎች ከመረጋጋታቸው አስቀድሞ፣ ከክፍሉ ውጭ ይወሰድ።› ገምጋሚዋ ራሷ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣች ትቀመጣለች፤ ለክትትል ነው ትላለች።

አባቴ በማሳሰቢያው ሁለት ቀን ተናደደ። ያልቆመ መርፌ ማንበብ ወንጀል ነው አለ። ኋላ ግን ትእዛዝ ትእዛዝ ነው ብሎ መዝገቡን ይዞ አደባባይ ወጣ። አሁን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሞ፣ መርፌው እስኪቆም እየጠበቀ ሰው ያድናል። ባሌ ትናንት መሪውን እንደያዘ በመስኮት «ሁለት!» ብሎት አለፈ፤ አባቴ ጻፈና ከጎኑ ‹እየተንቀሳቀሰ የተወሰደ፣ አስተማማኝ ያልሆነ› ብሎ አሰመረበት።

የሱን ደግሞ የምመዝነው እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ስፌት መኪናዬን ሳልነካ ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ፣ ውሃ አቀርባለሁ፣ እጠብቃለሁ። ዛሬም ጠበቅኩ። ጉልበቱ ቆመ፣ ጣቱ ቆመ፤ ሳይታወቀኝ እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ ኖሯል።

«አሁንስ ስንት ነህ፣ አባዬ?»

«መጀመሪያ እጅሽን አንሺ» አለኝ። «ሚዛን ላይ እጅ አይጫንም።»

አነሣሁ። ዓይኑን ጨፈነ።

«አራት ከሩብ» አለ። «በይ አሁን መልሺው።»